ጎሹ የሰፈረበት ቀን

ደክሞኛል። ይህን የምላችሁ ለማማረር አይደለም፤ ጨዋታ ከእውነት ቢጀመር ይሻላል ብዬ ነው። ጉልበቴን ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስጄ ስነክረው ጥቂት ቀን ደህና ይሆንልኝና፣ ሞፈር ባየ ማግስት መልሶ ይከዳኛል። እርሻ ማለት እንደምታውቁት ዓመቱን ሙሉ ለሌላ ሰው ምሳ ማዘጋጀት ነው። በረዶው ድርሻውን ይወስዳል፣ ዝንጀሮው ድርሻውን ይወስዳል፣ ነቀዙም አይቀርም፤ እነዚህ ሁሉ ጠግበው የተዉትን ደግሞ ሹሙና ወታደሩ ይመጡበታል። እኔ ለመብላት የምቀርበው ከሁሉም በኋላ ነው። ታዲያ አንዳንድ ቀን ጥማዱን አቁሜ፣ እርፉን ተደግፌ፣ ላቤን እየጠረግሁ አንድ ነገር አስባለሁ፤ ለመሆኑ ይህን ነገር ማን ጀመረው?

እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣው ለሰነፍ ነው ትላለች ባለቤቴ። ትበል። ልጅ ሆኜ ንባብ ያስቆጥሩኝ የነበሩት መሪጌታ እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ የጥንት ሰዎች ፍሬ እየለቀሙ፣ ሥር እየማሱ፣ አውሬ እያደኑ፣ የመሸባቸው ዛፍ ሥር እያደሩ ይኖሩ ነበር። ጎተራ የላቸው፣ ጭቃ ሹም የላቸው፣ ድንበሬን ገፋህ ብሎ ዳኛ የሚጠራባቸው ጎረቤት የላቸው። ኋላ አንዱ ብድግ አለና፣ ቁጭ አለ ማለት ይሻላል፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ እዚህ ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ያለንበት ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ቀኑ ነው። ሰው ሰፈረ የሚባለው መቼ ነው? ጎጆ የቀለሰ ዕለት ነው? ዘር አፈር ላይ የበተነ ዕለት ነው? ወይስ ጎተራው የሞላ ዕለት? መሪጌታን ብጠይቃቸው «አንተ ንባብህን አጥና» አሉኝ፤ አባቴ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ሰው ጎደለኝ ብሎ ከንባቡም አስቀርቶ ከበሬ ጋር ጠመደኝ። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ያውም ከገዛ ማሳዬ ጥግ፣ ጎሹ ከሚባል አዳኝ።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉበት፣ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ ብረት እያቀለጡ መድፍ ይሠሩ በነበረበት ዘመን ነው። የኛ መንደር ከከተማው በስተደቡብ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ናት። ከአፋፉ በላይ ገብስ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሙግት አለ። ከአፋፉ በታች ገደልና ጫካ፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ጎሹና ሚስቱ አትጠገብ ነበሩ።

ጎሹ ረዘም ያለ፣ ሲሄድ ኮቴው የማይሰማ ሰው ነው። ድኩላና ሚዳቋ ያድናል፣ ጅግራ ያጠምዳል፣ ከገደል ማር ይቆርጣል። እንኮዩ ወይም ዶቅማው ሲደርስ ደግሞ ባልና ሚስት ዛፉ ሥር ያርፉና ፍሬው እስኪያልቅ ይከርማሉ፤ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። አልፎ አልፎ ማርና ቆዳ ይዞ መንደራችን ብቅ ይልና በጨው ለውጦ ይመለሳል። «ቤትህ የት ነው?» ሲሉት፣ «የትናንቱ ወይስ የዛሬው?» ይላል። ሰዉ ይስቅበታል። እኔም ስቄበታለሁ። አሁን ሳስበው ግን ሰውዬው የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

አንድ ጊዜ የጠፋች ጊደሬን ፍለጋ ቆላ ስወርድ ድኩላ ሲገፍ ደረስኩበት። ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልስ አንድ ወርች ገንጥሎ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።

«ምን አድርጌልህ ነው?» አልኩት።

«ቆዳው ሳይወልቅ ደረሱ» አለኝ።

የአዳኞች ደንብ እንዲህ ነው። አውሬው ተገፎ ሳያልቅ የደረሰ ሰው፣ ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ ድርሻ አለው። ከየት መጣህ አይባልም፤ ነገ ምን ትመልሳለህም አይባልም። ሥጋው ሲያልቅ ሁሉም ወደየመንገዱ ይሄዳል። እኔ ያን ወርች ተሸክሜ አፋፉን ስወጣ፣ አዳኙ የኛ መንደር ሰው ቢሆን ኖሮ ድኩላውን የትኛው ቁጥቋጦ ሥር ይሸሽግብኝ እንደነበር እያሰብኩ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ከደጄ መጥቶ የቆመው። አትጠገብ ልካው ነው። የወለደቻቸው ልጆች አልበረከቱላትም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ዋሻ ውስጥ ብርዱ ይነጥቃታል። ለባለቤቴ እንዳጫወተቻት፣ «ከእንግዲህ ጣራ ሳላይ አልወልድም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ጎሹ ከበሩ ወዲህ አልገባም ብሎ ዓይኑን እያቁለጨለጨ ቆመና፣

«አያ ይርጋ፣ ቤት እንዴት ነው የሚያዘው?» አለኝ። ስለማያውቀው አውሬ የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

አንጀቴን በላው። ከአፋፉ ጥግ ሞፈር ነክቶት የማያውቅ ተዳፋት ነበረኝ። መንጥረህ እረሰው፣ ጥቂት ዓመት ለራስህ ብላ፣ ከዚያ ወዲያ አራተኛውን እጅ ታመጣልኛለህ አልኩት። በሬ አውስሃለሁ፣ አንተም በጉልበትህ ታግዘኛለህ አልኩት። ይህ የአገሩ ደንብ እንጂ የኔ ደግነት አልነበረም። ደግነት መስሎት አመሰገነኝ፤ እኔም አላረምኩትም።

ጎጆውን መንደርተኛው በደቦ አቆመለት። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም ጎጆዋ ውስጥ አላደሩም፤ ጠዋት ስንወጣ ከበሩ ውጭ ተጠቅልለው እናገኛቸዋለን። «ግድግዳው ጆሮዬን ደፈነው፤ ምን እንደሚመጣብኝ አይሰማኝም» ይለኛል። ሰው ቤት የሚሠራው የሚመጣበትን ላለመስማት አይደል ልለው ነበር፤ ተውኩት። ቀስ እያለ ገባ።

ማስተማሩን ግን አታንሡብኝ። ማረሻው አላስቸገረውም፣ ጉልበት አለው። ያስቸገረው ዘሩ ነው። በሰኔ ገብሱን በእፍኜ እየዘገንኩ ማሳው ላይ ስበትን እጄን ለቀም አደረገኝ።

«የሚበላ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ምነው መጣልዎ?»

«ይበቅላላ። ኅዳር ላይ ብዙ ሆኖ ይመጣል።»

«ኅዳር ላይ እዚህ መኖራችንን ማን አየ?»

እውነት ማን አየ? ገበሬ ማለት ባላየው ቀን ተማምኖ በእጁ ያለውን የሚበትን፣ ከበተነ በኋላ ደግሞ ያ ቀን እስኪመጣ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። አዳኝ የዛሬውን ነብር ይፈራል። እኛ የኅዳርን በረዶ በሰኔ መፍራት እንጀምራለን፤ ይህን ሥራዬ ብለን ለልጆቻችን እናወርሳለን።

በማግስቱ ብቅ ብል ጎሹ ማሳው ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጧል። ትንፋሹን ውጦ አፈሩን ያያል። «ምን ታደርጋለህ?» ስለው ዝም በሉ ብሎ ጣቱን ከከንፈሩ ላይ አደረገ። ገብሱ ብቅ ሲል ሊደርስበት ነው። በዚህ ዓይነት እንደማይመጣ፣ ቀስ እንደሚል፣ ክረምቱን ሙሉ እንደሚያስጠብቅ ባስረዳው ፊቱ ጠቆረ። «ይህን ያህል የሚያስጠብቅ አውሬ ገጥሞኝ አያውቅም» አለኝ። ግን ጠበቀ። ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ዝናብ እየደበደበው ከዝንጀሮ ጋር ተናነቀ። ድሮ ዝንጀሮ የመንገድ ጓደኛው ነበር፤ ፍሬ የበሰለበትን የሚያሳየው እሱ ነው። አሁን ሌባ ይለዋል። ሌባ የሚለውን ቃል ከኔ ነው የተማረው፤ ቆላ እያለ የሚጠራበት ነገር አልነበረውም።

ገብሱ ሲያሸት የአትጠገብም ሆድ ይታይ ጀመር።

ኅዳር ደረሰ፣ ታጨደ፣ ተወቃ። ጎሹ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በልቶ የማይጨርሰው ነገር በእጁ ገባ። ጎተራ አቆመ። እስቲ ከዚህ ወዲያ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ጎተራው ሲቆም ከብት እንዳይደርስበት አጥር አጠረ። አጥሩ ሲታጠር የጎኑ ባለማሳ አንድ ክንድ ገብተህብኛል አለ። ለዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌ መቀመጡን ጭቃ ሹማችን አያ ደምሴ ሰሙ፤ እሳቸው ደግሞ አዲስ ጢስ ሲወጣ ካዩ ያቺን ጢስ ሳያስገብሩ የሚያድሩ ሰው አይደሉም። የቤተ ክርስቲያኑም አስራት አለ። ግብሩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ላይ ያሉት ግብሩን የሚያስከብር ወታደር ያቆማሉ፣ ወታደሩ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ይኸው ጋፋት ላይ መዶሻው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። የሰው ልጅ ስንት ሺህ ዘመን የተጓዘውን መንገድ ጎሹ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ጨረሰው። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከአንዲት ጎተራ ነው ብላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ እኔ ግን ዓይኔ እያየ ነው የሆነው።

አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ ሲተክዝ አገኘሁትና፣ «ምነው?» አልኩት።

«አያ ይርጋ፣ እኔ እኮ ገብሱን የያዝኩት መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ሠራዊቱ ከዘመቻ እየተመለሰ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሠራዊት ሲመለስ ወታደሩ በየጢሱ ይደለደላል፤ ጢስ የሚወጣበት ቤት ሁሉ ያበላል፣ ያሳድራል። የደጋ ሰው ለዚህ ቀን የራሱ ብልሃት አለው። ከብቶቹ ከሚያድሩበት ጋጣ ሥር ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ግድግዳውን በእበት ይለቀልቃል፣ ጭድ ያነጥፍበታል፣ ዘሩንና ለክፉ ቀን ያለውን ያወርድበታል፣ አፉን ይደፍንና ከብቱን ከላዩ ያስተኛል። ጎተራው ውስጥ ለዓይን ያህል ትንሽ ይተዋል። ወታደሩ ሲመጣ እናለቅሳለን፤ በረዶ መታን፣ ዝንጀሮ ጨረሰን እንላለን። ወታደሩም የገበሬ ልጅ ነውና ይህን ለቅሶ ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ ያውቀዋል። ወለሉን በጦር ዘንግ እየወጋ ይፈልጋል፤ አንዱን ያገኛል፣ አንዱ ያመልጠዋል። ያገኘውን ይበላል፣ ያመለጠውን እኛ እንዘራለን። እየተዋሸን እንዲህ ተቻችለን ኖረናል።

ጎሹን የኔን በሬዎች ከሚያሳድርባት ጋጣ ሥር ጉድጓድ ቆፍር ስለው ደስ አለው፤ ለአውሬ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። አትጠገብ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ከበሩ ቆማ ታያለች።

«የምናወርደው ዘሩን ነው?» አለችኝ።

«አዎ። ይህ ከተበላ ለከርሞ የምትዘሩት የላችሁም። ማሳውም ጎጆውም ይቀራል፤ መመለሻችሁ ዋሻው ነው።»

ዋሻ ስል ፊቷ ጭፍግግ አለ። ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየችው። «ጎሹ ሲቆፍር ስንት ዘመን አይቻለሁ» አለች። «ከጉድጓዱ የገባ በሕይወት ሲወጣ ግን አላየሁም።» ቀጥላ ደግሞ፣ «አያ ይርጋ፣ ወታደር ንብ ይፈራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከጎጆው ጀርባ ዋንዛው ላይ ጎሹ የሰቀላቸው ቀፎዎች ነበሩ። ስለ ማሩ የተጨነቀች መስሎኝ፣ ንብ የማይፈራ ማን አለ አልኳትና ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሠራዊቱ ይመጣል ከተባለበት ቀን ቀድሞ መጣ። እኔና ጎሹ ጋጣው ውስጥ ሆነን ዘሩን በቁና ወደ ጉድጓዱ እያወረድን ሳለ ኮቴ ሰማሁ። ቀና ብል አንድ ሸበቶ ወታደር፣ አቧራ ለብሶ፣ ጋሻውን እየጎተተ ከበሩ ቆሟል። ቶሎ ብዬ ጭዱን ወደ ጉድጓዱ እየገፋሁ ጎሹን «ሸፍን!» ብዬ ሹክ አልኩት። ጎሹ ቀና አለ። የተራበና የደከመ ሰው አየ። ክፍት ጉድጓድ አየ። በእጁ የያዘውን ሙሉ ቁና ወስዶ ከወታደሩ እግር ሥር አስቀመጠለት።

«ቆዳው ሳይወልቅ ደረሰ» አለኝ ወደኔ ዞሮ፣ እኔ የረሳሁትን ነገር እንደሚያስታውሰኝ ሁሉ።

ወታደሩ ቁናውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ጎሹን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። ደስ ያለው እንዳይመስላችሁ። ይህን ያህል ዘመን ሲዘምት ጉድጓዱን በገዛ እጁ ያሳየው ሰው ገጥሞት አያውቅም፤ ደነገጠ። የደነገጠ ወታደር ደግሞ ባልንጀሮቹን ይጠራል።

መጡ። በሉ። ጎሹ መጀመሪያ አልከፋውም፤ ሥጋው ሲያልቅ እንደሚኬድ ነው የሚያውቀው። ጎተራው ተራቆተ፣ ጉድጓዱም ተጠረገ፤ እነሱ ግን አልተነሡም።

«ጨርሰው የለ እንዴ? ምነው አይሄዱም?» አለኝ።

«ወታደር እህል ሲያልቅበት ሌላ እህል ነው የሚፈልግ» አልኩት።

እውነትም ፈለጉ። ወለሉን ቆፈሩት፣ ግድግዳውን ወጉት፣ የጣራውን ግማሽ ለማገዶ አወረዱት። ምንም አላገኙም። ባላገኙ ቁጥር ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ። በመጨረሻ ሸበቶው ጎሹን ከምሰሶው ጋር አሰረውና «ሌላውን አሳይ» አለው። «የለኝም» አለ ጎሹ። ተገረፈ። «የለኝም» አለ።

እኔና አያ ደምሴ ልንለምን ሄድን። አትጠገብ ከበሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ቀኗ ገብቷል። ባሏን ታያለች፣ ደግሞ ዓይኗን ወደ ጓሮ ትመልሳለች፣ አትናገርም። ተስፋ ቆርጣ ነው ብዬ አዘንኩላት። ሸበቶው ወታደር ለአያ ደምሴ ሽበት ተነሥቶ መቀመጫ ሰጣቸው፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«አባቴ» አላቸው፣ «እኔ የአንበሳሜ ልጅ ነኝ። አባቴ ሦስት ጉድጓድ ነበረው፣ ጎረቤታችን ደግሞ አራት። አንዷን ለማሳየት እንኳ ነፍሳቸው እስክትወጣ ይገረፉ ነበር። ይህ ሰው ሳልጠይቀው አሳየኝ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ስንት ቢኖረው ነው?»

ምን ይመለስለታል? የለውም ብለን ብንምል የገበሬ መሐላ ነው፤ ስንት እንደሚያወጣ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ይህን ያህል ዘመን ስናለቅስለት ኖረን አሁን በእውነት ስናለቅስ ምኑ ይለየዋል? ጎሹን ያሳሰረው የኛ ሁላችን ለቅሶ ነው ብዬ ሳስብ አፈርኩ። አያ ደምሴ እጄን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

«ይርጋ፣ ይህ ሰው እውነት እየተናገረ ሊሞት ነው» አሉኝ።

«ምን እናድርግ?»

አያ ደምሴ ሳል አሉ። «ከአሮጌው አውድማ ሥር፣ ከማሳው አጠገብ፣ ያቺ የኔ ነገር አለች። የኔ ናት ይበልና ያሳያቸው።»

«አንቱስ በሰኔ ምን ሊዘሩ ነው?»

እንደገና ሳል አሉና ወደ ተራራው አዩ። «እግዜር ያውቃል» አሉ። ሁለተኛው ሳል ሲመጣ ነገሩ ገባኝ፤ ሌላም ጉድጓድ አላቸው። ቢሆንም ሰጡ። ግብር ሲሰበስቡ ስረግማቸው የኖርኩትን ሰውዬ ያን ቀን ጉልበታቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

ተመልሼ ውሃ የማጠጣው መስዬ ለጎሹ በጆሮው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«የኔ አይደለም። የሌላ ሰው ግዳይ የኔ ነው አልልም።»

አዳኝ ዘንድ ከዚህ የሚብስ ነውር የለም፤ ሌላ የጣለውን አውሬ እኔ ጣልኩ ካለ ሰው ጋር ማንም እሳት አይሞቅም። ሞቱን መርጦ ነበር። ያኔ አትጠገብ ከበሩ ሥር ተናገረች።

«በል» አለችው። «ልጄን አባት አታሳጣብኝ። በል።»

ጎሹ አያት። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለና፣ «አውድማው ሥር አለኝ» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ቆፈሩ፣ አገኙ። ሸበቶው ወታደር እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በገዛ እጁ ፈታውና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ይኸዋ፣ እንደ ሰው ስትሆን እንደ ሰው እንግባባለን» አለው። ጎሹ አልሳቀም። ገመድ የበላውን ክንዱን እያሻሸ ወታደሩን ትኩር ብሎ ያየዋል፤ አዲስ ዱካ ያገኘ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያይ። እውነቱን ሲናገር ታሰረ፣ ሲዋሽ ተፈታ። ለዚህ ትምህርት መሪጌታ አያስፈልገውም።

ዐቢይ ጾሙ ሲጋመስ ከደብረ ታቦር ትእዛዝ መጣና ወታደሮቹ ነቅለው ሄዱ። አትጠገብ በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ተገላገለች። ያዋለደቻት ባለቤቴ ናት፤ ስትመለስ፣ «ጣራው ግማሽ ነው፣ ልጅቷ ግን ሙሉ ናት» አለችኝ። እሰይ አልኩ። ልጅቷም እያለቀሰች ሰነበተች፤ የሚያለቅስ ልጅ ያድጋል።

አሁን መንደሩ ሁሉ የሚጠብቀው ጎሹ ወደ ቆላው የሚመለስበትን ቀን ነበር። ዘር የለው፣ ጣራ የለው፣ ምን ያቆየዋል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁበት። እኛ ሲመረን የት እንሄዳለን? ከአፋፉ በታች ያለውን የሚበላ ሥር ከማይበላው የሚለይ ከመሃላችን ማን ቀርቶ? እሱ ብቻ ነው መመለሻ ያለው። ይሂድልኝ አልኩ፤ አንድ ሰው እንኳ ከዚህ ነገር ሲወጣ አይቼ ብሞት አልኩ። ባለቤቴ ግን እንዲህ ያለውን ጨዋታ አታውቅም። «አራስ ናት፣ ይህችን ይዛ ዋሻ ትገባለች?» ብላ ከተረፈችን ዘር፣ የት እንደነበረች አትጠይቁኝ፣ በስልቻ ሰፍራ ሰጠችኝ። ስልቻውን ከጋቢዬ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

ከጎጆው ጀርባ ዋንዛው ሥር አንድ ቀፎ ወርዶ ተጋድሟል። አፉ ተሰብሯል። የሚፈሰው ማር አልነበረም፤ ገብስ ነው። አትጠገብ ልጇን አዝላ በእፍኟ እየዛቀች በሰፌድ ታጠራቅማለች፤ ስታየኝ አንገቷን ደፋች። ስለ ንብ የጠየቀችኝ ቀን ትዝ አለኝ። ለካ ያን ዕለት ከዘሩ ቀንሳ፣ ከባሏም ከኔም ተደብቃ፣ ባዶ ቀፎ ሞልታ፣ አፉን በእበት ደፍና፣ ንብ ካለባቸው መሃል ሰቅላዋለች። ወታደሮቹ ወለሉን ሲቆፍሩ ከራሳቸው በላይ ነበር። ባሏ ታስሮ የለኝም ሲል እዚያው ተንጠልጥሎ ነበር። እሱ እውነቱን ነው፣ አያውቅም። ወታደሩም እውነቱን ነው፤ ሌላ ነበረ። እሷ መሃላቸው ተቀምጣ፣ ግርፋቱን እየሰማች፣ የልጇን ከርሞ በዝምታ ጠበቀች። ልፍረድባት ብዬ አስቤ ነበር፤ ትቼው አለፍኩ።

ወደ ጋጣው ዘለቅሁ። ጎሹ እስከ ወገቡ አዲስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ገብስ ያወርዳል። ከድሮው የጠለቀ ነው፤ ከጎኑም ሌላ ጓዳ ፈልፍሎለታል፣ እኔ ያላስተማርኩት። ጉድጓዱ ክፍት ነው። ገብሱ ገና ወርዶ አላለቀም። ቆዳው ሳይወልቅ ደረስኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። እጁ ወደ ቁናው ሄደ፤ በዓይኔ አየሁት፣ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ነጠላውን ከትከሻው አወረደና ጉድጓዱ አፍ ላይ ዘረጋው።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ይርጋ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን እየሠራህ ነው?»

«ኧረ ምንም። ጣራው ስለሚያፈስ ውሃ እንዲወርድበት ብዬ ነው።»

«ለዘር የሚሆን አገኘህ ወይ?»

«ከየት ብዬ» አለኝ። «በረዶ መታን፣ ዝንጀሮ ጨረሰን።»

ቃሉ የኔ ነው፣ ለቅሶው የኔ ነው፣ አንድም ሳይሳሳት ነው ያጠናው። ጋቢዬ ሥር ስልቻው ጎኔን ይወጋኛል፤ ላወጣው እጄን ሰደድኩ። ግን ደጋ ላይ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው እንዳለው አውቃለሁ፣ እሱም ማወቄን ያውቃል። ጋቢዬን ጠበቅ አደረግሁ።

«አይ ዘመን» አልኩት።

«አይ ዘመን» አለኝ።

ሁለታችንም ገብሳችንን ሸፍነን ቆመን፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ይመጣ እንደሆን ትንሽ ተጫወትንና ተሰነባበትን። አፋፉን ይዤ ስመለስ ቁልቁል ቆላውን አየሁት። እንኮዩ ደርሶ ነበር። የሚለቅመው ሰው የለም።

ባለቤቴ ስልቻውን እንደ ሞላ ስታየው ደነገጠች።

«ምነው? ሄደ እንዴ?»

«የለም» አልኳት። «ዛሬ ሰፈረ።»